“ከሰዓት” የተባለው ቡድን

ሰኞ

…አዲሱን ቡድን ማሽኑ ላይ ስፈጥር ባልደረባዬ ቶፊቅ ከኋላዬ ቆሞ “ስሙን በርጫ በለው” ሲል ሁላችንም ሳቅን፤ ፈትያ እንኳ አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። እኔ ግን “ከሰዓት” ብዬ ጻፍኩ። ቀኑን አላስታውሰውም፣ ሳቁን ብቻ ነው የማስታውሰው። አቶ መስፍን ያኔ በሩ ላይ ቆመው ነበር? ወይስ ኋላ ነው የመጡት? ስለ ቡድኑ እንደሰሙ እርግጠኛ ብሆን ዛሬ ሌላ ሰው እሆን ነበር።

ጠዋት አስጠሩኝ። ኃላፊዬ ናቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ጠረጴዛቸው ላይ ከማሽኑ የታተመ አንድ ገጽ ነበር። ጀጎል ግንብ ውስጥ ያለ የአንድ ሽማግሌ ቤት ከወር በፊት፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ሌላ ሰው ስም ተዛውሯል። ሽማግሌው ልጃቸው ዘንድ ጅጅጋ ከርመው ሲመለሱ ቤታቸው በሌላ ሰው ስም ሆኖ ጠበቃቸው።

መዝጋቢ፦ ፈትያ። አጣሪ፦ ፈትያ። አጽዳቂ፦ ፈትያ።

ፈትያ ያን ማክሰኞ ከወለደች ስምንተኛ ቀኗ ነበር።

ነገሩን ለራሴ በቅደም ተከተል ልጻፈው። እጄ ሲጽፍ ጭንቅላቴ ትንሽ ይረጋጋል። የቤት ይዞታ የምንመዘግበው ትልቁ ማሽን፣ ዋናው ኮምፒውተር ላይ ነው። ማሽኑ የራሱ ክፍል አለው፤ እኛ ስንግል እሱ ይቀዘቅዝለታል። ሠራተኞቹ ከየጠረጴዛቸው በስክሪን ወደ እሱ ይገባሉ። ማን እንደሚገባና ገብቶ ምን መንካት እንደሚችል የምወስነው እኔ ነኝ። ስም እፈጥራለሁ፣ ስሙን ምን መሥራት እንደሚችል የሚወስን ቡድን ውስጥ አስገባለሁ፣ ሰውየው ሲሄድ ስሙን እዘጋለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። ደንቡ ሦስት እጅ ይላል፤ አንዱ ይመዘግባል፣ ሌላው ያጣራል፣ ሦስተኛው ያጸድቃል። ማንም ብቻውን ቤት ከሰው ወደ ሰው አያዛውርም።

ጠዋት ጠዋት እንደዚያ ነው። ከምሳ በኋላ ግን ቢሮው ውስጥ አንድ ተረኛ ብቻ ይቀራል። ሌሎቹ ወደ ጫት በርጫቸው፣ ወደ ልጆቻቸው፣ ወደ ጉዳያቸው ይሄዳሉ። ይህን ማንም አላወጀውም፤ ስንቀጠርም እንደዚሁ ነበር። ከገጠር በእግሩ የመጣ ገበሬ መስኮቱ ላይ ቆሞ “ሦስት ሰው የለም፣ ነገ ና” ይባላል? የቢሮው ሰዎች ለመኑኝ። ቡድኑን ፈጠርኩ። “ከሰዓት” ውስጥ ያለ ስም ሦስቱንም ሥራ ብቻውን ይሠራል። ሁሉንም አስገባኋቸው። የየሰዉ ፓስዎርድ ደግሞ ሰማያዊ ደብተር ላይ ተጽፎ የተረኛው መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ፤ የጠዋቱን ጉዳይ በጀመረው ሰው ስም ለመጨረስ ይመች ነበር።

ፈትያ ለወሊድ ስትወጣ ስሟን መዝጋት ነበረብኝ። ቶፊቅ ያልተጨረሱ ፋይሎቿን እስክንጨርስ ተወው አለኝ። ተውኩት።

ማክሰኞ

ዝውውሩ የትኛው ስክሪን ላይ እንደተሠራ ፈለግኩ። መስኮቱ አጠገብ ያለው የተረኛው ስክሪን ነው። ሁሉም ይቀመጡበታል።

ሊሆን የሚችለውን ሰው በሙሉ ጻፍኩ፦
ቶፊቅ።
ማኅደር ክፍል ያሉት ሁለቱ።
አቶ መስፍን። አንዳንድ ቀን ተረኛው ሲዘገይ እሳቸው ይቀመጣሉ።
እኔ።

ራሴን ሳልጽፍ አልቀረሁም። የተረኞች ዝርዝር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ማንም ጽፎ አያውቅም። ምሳ ላይ ተያይተው ነው የሚወስኑት። ሰማያዊው ደብተር መሳቢያው ውስጥ የለም። የት ሄደ ስል ቶፊቅ “የቱ ደብተር?” አለኝ፤ ቀጥሎም ዓይኔን ማየት አቃተው።

ሌላም አለ። ሁሉም ሠራተኛ የፈረመው ቅጽ፦ “በስሜ ለሚሠራው ሁሉ ተጠያቂ ነኝ፤ ፓስዎርዴን ለሌላ አሳልፌ አልሰጥም።” ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ሳረቅቀው ቋንቋው ጥሩ ሆኖልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የፈትያ ቅጽ አሁን የጉዳይዋ ፋይል አናት ላይ ነው፤ ያን ቀን አራስ ቤት ብትሆንም ስሟ ብቻ ያስጠይቃታል።

ወደ ማታ አቶ መስፍን ማሽን ክፍል ድረስ መጡ። መጥተው አያውቁም። የዲሲፕሊን ኮሚቴው አርብ እንደሚሰበሰብ፣ ሰዎቹ ማሽኑንም ሊያዩ እንደሚችሉ ነገሩኝ። ቀጥለው ክፍሉን ዞር ዞር ብለው እያዩ “አለሙ፣ የማያስፈልግ ነገር ካለ አጽዳው” አሉ። ስለ አቧራው ይሁን ስለ ቡድኑ አልጠየቅኳቸውም። ጠይቄ ቢሆን ኖሮ መልስ ይኖረኝ ነበር። መልስ ስላልፈለግኩ ይሆን?

ረቡዕ

አጠፋሁት።

አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ማሽኑ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀ። እንደሆንኩ ነገርኩት። “ከሰዓት” የሚባል ቡድን ከዚህ በኋላ የለም፤ ነበረም አይልም፣ እንዲህ ያለውን ለውጥ መዝግቦ እንዲያስቀምጥ አድርጌው ስለማላውቅ። ሁሉም ስም ወደ ጠዋቱ ቦታው ተመለሰ። ማሽኑን አሁን የሚያይ ሰው ንጹሕ ነገር ያያል፤ ሦስት እጅ፣ ሦስት ሰው። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ ያን ማክሰኞ ያያል። አንዲት ሴት ደንቡን ሁሉ ጥሳ ብቻዋን ቤት አዛወረች።

ይህን ያሰብኩት ካጠፋሁት በኋላ ነው። ምናልባት ሃያ ደቂቃ ቆይቶ። እስከዚያ ድረስ ቀለል ብሎኝ ሻይ ጠጥቻለሁ።

ቶፊቅ ከምሳ በኋላ ጫቱን በብብቱ ይዞ መጣ። “አቦ ጋሽ አለሙ፣ ፊትህ ምነው የኪራይ ቤት ግድግዳ መሰለ?” አለኝ። የኮሚቴውን ነገር አነሳሁበት። አራስ ናት፣ ማን ይነካታል፣ ወላሂ አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ይተዋታል አለ። ማኅደር ክፍል ያሉትም እንደዚሁ ይላሉ። ሁሉም ማስጠንቀቂያ እያሉ ነው። ቃሉን እርስ በርስ እየተቀባበሉ ይሞቁበታል። አቶ መስፍን ግን ሰኞ ዕለት የነገሩኝ ስንብትና ክስ ነው።

ሐሙስ

ሄድኩ። ስኳርና ሙዝ ይዤ፣ ፈትያ ቤት። ቤታቸው ከሸዋ በር ብዙ አይርቅም፤ የሚኒባስ ረዳቶቹ ጩኸት እስከ ግቢው ይሰማል።

እናቷ ተቀበሉኝ። የኮሚቴው መጥሪያ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። “አርባዋ ቅዳሜ ነው የሚሞላው። ሁለት ቀን አይታገሡም?” አሉኝ፣ ኮሚቴው እኔ የሆንኩ ይመስል። ልጃቸው ከወለደች ወዲህ ደጅ አልረገጠችም። እሳቸው አምስት ወልደው አንድ ጊዜ እንኳ ከአርባ በፊት ከቤት አልወጡም። አቶ መስፍንን ለምኜ ቀኑን ላስለውጥ እንደምሞክር ነገርኳቸው። እንደማልለምን እያወቅኩ ነው የነገርኳቸው።

ፈትያ ከስታለች። ልጁን አሳየችኝ፣ ወንድ ነው፣ ተኝቷል። ባሏ መኪና ይዞ ከወጣ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፤ እናቷና እሷ የሚኖሩት በእሷ ደመወዝ ነው። ይህን ሁሉ እኔ አውቃለሁ፣ እሷ አልነገረችኝም። እሷ የነገረችኝ ሌላ ነው።

“ጋሽ አለሙ፣ እኔ አልሐምዱሊላህ አልፈራሁም። ቡድኑ አለ አይደል? ሁላችንም እንደምንሠራበት እርስዎ ከፍተው ያሳዩአቸዋል።”

ሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስተካከልኩ።

“አሳያቸዋለሁ” አልኩ።

እናቷ መረቁኝ። ረጅም ምርቃት ነበር። እስከ በር ሸኝተውኝ እዚያም መረቁኝ።

ወደ ቢሮ ተመለስኩ። አንድ ተስፋ ነበረኝ፦ ቴፑ። በየሳምንቱ አርብ ማሽኑን በሙሉ ቴፕ ላይ እገለብጣለሁ። ባለፈው አርብ ቡድኑ ስለነበረ ቴፑ ላይ አለ። አስገባሁት። ዞረ፣ ቆመ፣ ዞረ። ማንበብ አልችልም አለ። የቀደመውን ሳምንት አስገባሁ። ያንንም አልችልም አለ። ያሉኝን አራቱንም ቴፖች ሞከርኩ። በየሳምንቱ ጽፌባቸዋለሁ፣ ቀን ለጥፌባቸዋለሁ፣ ካዝና ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ መልሼ አንብቤ አላየሁም።

ቡድኑን እንደገና መፍጠር እችላለሁ። ሞከርኩት። ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ሆነ፣ ስሙም አባላቱም። ከሥሩ ግን “የተፈጠረበት ቀን” የሚል መስመር አለ፤ የዛሬን ቀን ያሳያል። መልሼ አጠፋሁት።

አርብ

ይህን የምጽፈው ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ነው። ከጁምዓ በፊት ሊጨርሱ ስለፈለጉ በጠዋት ጀምረዋል።

መጀመሪያ የጠሩት እኔን ነው። ተናገርኩ። ብዙ ዓመት እንደዚያ በአንድ ትንፋሽ ተናግሬ አላውቅም። ቡድኑን እኔ ፈጠርኩ፣ ስሟን መዝጋት ሲገባኝ ተውኩ፣ ፓስዎርዷን የቢሮው ሰው ሁሉ ያውቀው ነበር፣ ረቡዕ ዕለት ቡድኑን እኔው አጠፋሁ። “አጽዳው” የሚለውን ብቻ አላነሳሁም። አቶ መስፍን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እስክሪብቶ ይከፍቱና ይዘጉ ነበር።

ሰብሳቢው ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጡ፣ ለስላሳ ሰው ናቸው። ቡድኑ እንዲፈጠር የተጻፈ ትእዛዝ እንዳለ ጠየቁ። የለም። አሁን ማሽኑ ላይ ይታይ እንደሆነ ጠየቁ። አይታይም። ሌላ ቅጂ? ስለ ቴፖቹ ነገርኳቸው። ስነግራቸው ለራሴም ውሸት መሰለኝ። ቶፊቅን አስጠርተው ከሰዓት የሚባል ቡድን ታውቃለህ አሉት። ምንጣፉን እያየ ስለ ኮምፒውተር ብዙ አላውቅም አለ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ።

“አቶ አለሙ፣ ገብቶናል። አራስ ስለሆነች አዝነውላት ነው። እኛም እናዝናለን። ግን ሊያድኗት ብለው በራስዎ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይናገሩ።”

እውነት ነው አልኩ። ደግሜ አልኩ። ጸሐፊዋ መጻፍ አቁማ ነበር። ከተቀመጡት አንዱ ክንዴን ይዞ እስከ በሩ አደረሰኝ፣ ለቅሶ ላይ ሰው እንደሚይዙት። ደግ ሰው ነህ አለኝ።

አሁን አራት ሰዓት አልፏል። ፈትያ በባጃጅ መጣች። እናቷ ፀሐይ እንዳይነካት ጥላ ዘርግተውላታል፤ ከባጃጁ እስከ ደረጃው ያለውን ጥቂት እርምጃ ቢስሚላህ እያሉ አብረዋት ተራመዱ። ልጁን ታቅፋለች። ብርሃኑ ከብዷት ዓይኗን ጨፈን ጨፈን ታደርጋለች።

አጠገቤ ተቀመጠች።

“ነገሯቸው?”

“ነገርኳቸው።”

“ሁሉንም?”

“ሁሉንም።”

ትከሻዋ ወረደ። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ እንግዲህ ቢፈቅዱልኝ ከሰኞ ጀምሮ ግማሽ ቀን እሠራለሁ፣ ጡጦ እያለማመድኩት ነው አለች። ምን ብለው እንደመለሱልኝ አልጠየቀችም። ልጁ ነቃና ጣቴን ያዘ። ጠንካራ አያያዝ ነው።

ስሟ ተጠራ። ከነአባቷ፣ ከነአያቷ፣ በሙሉ። ልጁን ለእናቷ ልትሰጥ ዘረጋችው፣ አለቀሰ፤ መልሳ አቀፈችው። እንደዚያው ይዛው ተነሳች። እናቷ ሻሿን አስተካከሉላት።

ገባች። አቶ መስፍን ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ በሩ መጡ፤ እኔን አዩኝ፣ እጀታውን ያዙ፣ በሩ ተዘጋ።