የቁስቋም ዳገትና ሁለት ምርኩዝ

ጥቅምት 8
ጧት ቅዳሴ፣ ከሰዓት ሐኪም ቤት። ጉልበቴ ዛሬም ያው ነው። «በሁለት ምርኩዝ እየገፉ ይራመዱ፤ ፈረንጆች ኖርዲክ ይሉታል፤ ጉልበትዎን ያሳርፋል» አለኝ ሐኪሙ። አንዱስ ይሁን፣ ሁለት የምን ነው? ግን ለኅዳር ቁስቋም ዳገቱን በእግሬ ካልወጣሁ ዋዜማውን ማን ሊመራ ነው? ዕንባቆም ነዋ! ራሴ ያስተማርኩት ልጅ።

ጥቅምት 11
ዕንባቆም ቤት ድረስ መጣ። «የኔታ፣ ፒያሳ ከማሉዲን ሱቅ የተራራ ተጓዦች ምርኩዝ ገብቷል።» ምነው እንዲህ አዘነልኝ? ሕዝቡ ሁለት ዘንግ ይዤ ሲያየኝ «መሪጌታ አለቀላቸው» እንዲል ነው። ገብቶኛል።

ጥቅምት 13
ሄድኩ። ከማሉዲን ክንዴን አጥፎ፣ ክርኔ ላይ ለክቶ አጭሩን ጥንድ ሰጠኝ። ረጅሙ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ያብረቀርቃል።
«እሱስ?»
«ለርስዎ ይረዝማል፣ መሪጌታ።»
ይረዝማል! አርባ ዓመት መቋሚያ የያዝኩ ሰው የዘንግ ልክ ላጣ? ደረት ያልደረሰ ነገር ምኑን ይደገፉታል? አጭሩ አልሸጥ ቢለው ነው እኔ ላይ ሊጥለው። ረጅሙን ይዤ ወጣሁ። ስወጣ ፈገግ ብሏል… ምን አስቆት ይሆን?

ጥቅምት 20
ትከሻዬ ተቆረጠ።

ጥቅምት 22
አንገቴም። ባለቤቴ ይመኙሽ ደግሞ «አንተ ሰውዬ፣ ክንድህን ሰቅለህ የምትሄደው ልትባርክ ነው?» ብላ ሳቀች። ከዕንባቆም ጋር ሳይመክሩብኝ አይቀሩም።

ጥቅምት 24
ባለሱቁን ልጣላው ሄድኩ። «ጉድለት ያለበትን ሸጥክልኝ!» ከማሉዲን አልተቆጣም። «መሪጌታ፣ መቋሚያ ቆመው ይደገፉታል። ይሄን ግን እየሄዱ ወደ ኋላ ነው የሚገፉት።» በአጭሩ ጥንድ ለወጠልኝ። ጫፉንም ለድንጋዩ ብሎ ጎማ አለበሰልኝ። ጭማሪ አልጠየቀም፤ ይሄም አጠራጠረኝ። እስከ ቤት ተራመድኩ… ትከሻዬ ረፍት፣ ጉልበቴ ዝም። አወይ እኔ!

ኅዳር 5
ዳገቱን ወጣሁ። በእግሬ! ሦስቴ ቆሜ፣ ግን ወጣሁ። አርፍጃለሁ። ይሄኔ ዕንባቆም ቦታዬ ላይ ቆሟል እያልኩ ስበግን ደረስኩ። ቅኔ ማኅሌቱ ጸጥ ብሏል። ዕንባቆም በሩ ላይ፣ ቄሰ ገበዙ እየተቆጡት።
«የኔታ ሳይደርሱ አልጀምርም አልኩ እኮ፣ አባቴ!»
ወር ሙሉ ያማሁት ልጅ። ዓይኑን ማየት አቃተኝ፤ አፈርኩ። ምርኩዞቹን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቦታዬ ቆምኩ።
«አንተ ጀምር» አልኩት።
«እርስዎ እያሉ?»
«እኔ እያለሁ።»
ድምፁ ሸጋ ነው። አንድ ቀን እንኳ በአፌ ብዬው አላውቅም። ዛሬ ነገርኩት።