ሰባተኛውን ጉድጓድ ስለዘጉት ስለ ራ ጋሌቦኤ ሞሲንዪ ዕረፍት

የማሪኬሌንግ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ክትትል ጽሕፈት ቤት፣ ከፍተኛ የውሃ መርማሪው ራ ጋሌቦኤ ሞሲንዪ ባደረባቸው የልብ ሕመም ባለፈው ማክሰኞ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ማረፋቸውን ለሠራተኞቹ፣ ለመንደሩ ነዋሪዎችና ከዚህ ምድር ውሃ ለሚጠጣ ሁሉ የሚያስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። ሐዘናችን ከመደነቅ ጋር ተቀላቅሎብናል። ከመካከላችን ሠላሳ ዓመት አብሯቸው የሠራ ሰው አለ፤ እሱም ቢሆን በእኚህ ሰው እስከ መጨረሻው መገረሙን አልተወም።

ራ ጋሌቦኤ እ.ኤ.አ. በ1991 በናሙና ሰብሳቢነት ተቀጠሩ። ለምርመራ ብቻ ከሚቆፈር የክትትል ጉድጓድ ናሙና ከመወሰዱ በፊት በጉድጓዱ ቧንቧ ውስጥ ቆሞ የሰነበተው ውሃ ተቀድቶ መደፋት አለበት፤ ያውም ቧንቧው የሚይዘውን ሦስት እጥፍ። የምድሩ ውሃ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ በመጽሐፍ ላይ ቀላል ነው። ገንዘቡን እንኳ «ዝናብ» ብሎ በሰየመ አገር ግን ውሃ መሬት ላይ መድፋት ነውር ነው፤ በድርቅ ያደገ ሰው እጅ ደግሞ ጭራሽ እንቢ ይላል። የራ ጋሌቦኤም እጅ እንቢ አለ። ከሰባተኛው የመጠጥ ጉድጓድ ጎን ካለው የክትትል ጉድጓድ ለሁለት ዓመት ሳይደፉ ቀዱ። በቧንቧው አናት ሰርጎ የተኛው የዝናብ ውሃ ንጹሕ ስለነበር ወረቀቱ «ይጠጣ» አለ። እውነቱን ለመናገር ያኔ እንዲህ ያላደረገ ሠራተኛ አልነበረንም። ቅጻችንም ደፍታችኋል ወይ ብሎ አይጠይቅም ነበር።

በ1993 ወተታቸው በሰባተኛው ጉድጓድ ውሃ የተበጠበጠላቸው ሕፃናት ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆነ። አንዲት የአራት ወር ልጅ አረፈች። በውሃው ውስጥ የተገኘው ናይትሬት ሽታም ጣዕምም የለውም፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው። ራ ጋሌቦኤ ወደ ክትትል ጉድጓዱ ተመልሰው በወጉ ደፍተው ቀዱ። በአንድ ሊትር ከሃምሳ ሚሊግራም መብለጥ የማይገባው ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ሆኖ ተገኘ።

ማንም ሳይጠራቸው በመንደሩ ሸንጎ ፊት ቆሙ። «ውሃ መድፋት አሳዘነኝ። ሳልደፋ ቀዳሁ፤ የቀዳሁት የቧንቧውን እንጂ የምድሩን አልነበረም። ያቺ ልጅ የሞተችው በኔ ወረቀት ነው» አሉ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ታዲያ አሁን ልጄ፣ ለከብት እንኳ የማይበቃንን ውሃ ድፉ ልትለን ነው?» ብለው ጠየቋቸው። «አዎ አባቴ፣ መጀመሪያ ይደፋል» ብለው መለሱ። የዚያኑ ዕለት ሰባተኛውን ጉድጓድ በገዛ እጃቸው ቆለፉት፤ መንደሩም ከዚያ ወዲህ የሚጠጣው ከቦቴ ነው። ውሃው ሳይደፋ ናሙና እንዳይቀዳ የሚያሳስበው፣ ዛሬ በቅጻችን ላይ የመጀመሪያው መስመር የሆነው «ደፍታችኋል ወይ» የሚለው ጥያቄ የተጻፈው በዚያ ሳምንት ነው።

በ1998 በመሩት የሦስት ቀን የፓምፕ ሙከራ፣ በመንደሩ አንድ ጫፍ ውሃ ሲሳብ ስምንት መቶ ሜትር ማዶ ባለው የክትትል ጉድጓድ ውስጥ ውሃው በአራት ሳንቲሜትር ዝቅ ሲል ታየ። ሰዎች ሜትሩን ለማየት ተሰለፉ። ማንም ያልነካው ጉድጓድ፣ ዓይናቸው እያየ፣ ወረደ። ለካ የሁላችንም ውሃ ያለው በአንድ እንስራ ነው ያሉ እናት ነበሩ፤ እኛ ከዚያ የተሻለ ሪፖርት ጽፈን አናውቅም።

በ2004 የብክለቱን ምንጭ አገኙ። መንደሩ በሙሉ የሚጠረጥረው የከብት ማረጃውን ነበር፤ እሱን መክሰስም ይቀል ነበር። እሳቸው አምስት የክትትል ጉድጓዶች አስቆፍረው፣ ውሃው ከየት ወዴት እንደሚሄድ ለክተው ሲጨርሱ ጣታቸው ያረፈው በራሳችን የመጸዳጃ ጉድጓዶችና በረቶች ላይ ሆነ። ትልቁ በረት የእናታቸው ወንድም ንብረት ነበር። በእኛ ዘንድ የእናት ወንድም ከአባት እኩል የሚከበርና የማይደፈር ነው። አጎታቸው የእህቴ ልጅ ከብቶቼን ወነጀለ ብለው ሁለት ዓመት አኮረፉ፤ በመጨረሻ ግን ከመንደሩ ሁሉ ቀድመው በረታቸውን ያነሡት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ራ ጋሌቦኤ በየሦስት ወሩ ደፍተው ቀዱ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ውሃውም እያደር መጥራት ጀመረ። አንዳንድ ዓመት የናይትሬቱ ቁጥር በዐሥራ አምስት ወረደ፣ ሌላ ጊዜ ምንም ሳይወርድ ቀረ፣ አንዴ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተመልሶ ወጣ። እሳቸው አልተቆጡም፤ ቁጥሩን ጻፉ። አንድን ውሃ ለሠላሳ ዓመት እንዲህ መጠበቅ ከሰው አቅም በላይ ይመስለናል፤ ሲጠብቁ ግን በዓይናችን አይተናል። በዚህ ዓመት መጋቢት የቀዱት ናሙና ሃምሳ ሰባት ነበር። ሃምሳ ላይ ለመድረስ የቀረው ሰባት ነው።

ሐሙስ ዕለት የመንደሩ አለቃና ሽማግሌዎች ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው ነበር። ለቀብሩ ከአምስት መቶ የማያንስ ሰው ይጠበቃል፤ ለእንግዳው የሚታረደው ከብት ሥጋ በትልልቅ ድስቶች ይቀቀላል፤ አንድ ቦቴ አይበቃም። ስለዚህ ሰባተኛው ጉድጓድ ለክብራቸው ይከፈት፣ በስማቸውም ይሰየም አሉ። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነበር። ከእኛም መካከል ሃምሳ ሰባት አዋቂን አይጎዳም፣ ለአንድ ቀን ምን ይሆናል ያልን ነበርን፤ ይህን የምንጽፈው እያፈርን ነው። ቁልፉ ያለው በቤታቸው ስለሆነ ባለቤታቸውን ማ ባሌሴንግን ልንጠይቅ ሄድን።

ማ ባሌሴንግ እስክንጨርስ ሰሙን። ከዚያ «ሰው ሲሞት ቁጥሩ አይወርድም» አሉ። ቁልፉን አልሰጡንም።

ጽሕፈት ቤታችን ለማ ባሌሴንግ፣ ለልጆቻቸው፣ ለአጎታቸው፣ ጉድጓድ ለጉድጓድ አብረዋቸው ለዞሩ ባልደረቦቻችንና በ1993 ልጃቸውን ላጡት ቤተሰብ መጽናናትን ይመኛል። ሥርዓተ ቀብሩ ቅዳሜ ማለዳ በመኖሪያ ግቢያቸው ከሚደረገው ጸሎት በኋላ ይፈጸማል። ሰባተኛው ጉድጓድ እንደተቆለፈ ይቆያል፤ የሰኔውን ናሙና ባልደረቦቻቸው ይቀዳሉ። ለቀብር የምትመጡ ሁሉ የምትጠጡትን ውሃ ከቤታችሁ ይዛችሁ እንድትመጡ በትሕትና እንጠይቃለን፤ ሕፃናት ያዘላችሁ እናቶች በተለይ።