በዘጠኝ ሰዓት የተነቀለው ጥርስ

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለአገኘሁ፣

እንዴት ሰንብተሃል? የአሰብ ሙቀት አልጎዳህም ወይ? ወገብህን የሚይዝህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም የወደቡ ጭነት ያንገላታሃል? ባለቤትህ እናትዓለምስ ደኅና ናት? ትንሹ ተክለ ጊዮርጊስ ጥርስ አወጣ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ። ጣናም እንደ ልማዱ ጠዋት ጸጥ ብሎ ከሰዓት ይናወጣል።

ዛሬ የምጽፍልህ አደራ ብለህ ስለ ሰጠኸኝ ልጅህ ስለ የሺመቤት ነው። አትደንግጥ፣ ወሬው የደስታ ነው። ባለፈው ደብዳቤዬ የደበቅሁህን ግን አስቀድሜ ልንገርህ። ጥርስ ማከም የሚማሩት ልጆች ዓመት ሙሉ በጀሶ ጥርስ ሲለማመዱ የሺመቤትን የሚያህል አልነበረም። ጥር ላይ እርስ በርሳችሁ መርፌ ተወጋጉ ሲባሉ ግን እጇ ተንቀጠቀጠና መርፌውን ጣለችው። መምህራቸው ጓድ አስናቀ፣ "ጀሶ አያመውም፣ ሰው ግን ያመዋል። በበሽተኛ ፊት እንዲህ ከሆንሽ ከትምህርቱ ትሰናበቻለሽ" አሏት። ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድላትም ነበር።

እኔ እዚያው ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ መሆኔን ታውቃለህ። ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ፊደል ስለቅም አንተ ትስቅብኝ የነበረውንም አልረሳሁም። አሁን ደግሞ የሺመቤት ትምህርቷን በአማርኛ እየገለበጠች የምትጥለውን ብጣሽ ወረቀት እየሰበሰብሁ አነባለሁ። ደስ ያለኝን በመቀነቴ ቋጥሬ እይዛለሁ።

ትናንት ረቡዕ በሽተኛ ማየት የሚጀምሩበት ቀን ነበር። ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ስላስነገረ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አግዳሚው ሞላ። መጀመሪያ የገባችውን ሴት ተማሪው ተጉመጥመጪ ብሎ ውሃ ሲሰጣት ከወንበሩ ተነሣች። "ሑዳዴ መሆኑን አታውቅም? ገና ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ በአፌ?" አለችው። ቀኑን የቆረጡት ከአዲስ አበባ የመጡት መምህራን ናቸው፤ ጾሙን ያሰበው አልነበረም። ተማሪው "ትተፊዋለሽ እንጂ አትጠጪውም" ቢላት "እንግዲያው አንተ ትፋው" ብላው ወጣች። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ተከትለዋት ሄዱ። ጓድ አስናቀ ፊታቸው ጠቆረ። በሽተኛው ጥሎት የሚሄድ ተማሪ እንደ ወደቀ ይቆጠራል አሉ።

ቀጣዩ ተራ የየሺመቤት ነበር። የእሷ በሽተኛ ከቁንዝላ በጀልባ የመጡ አቶ ዓምደ ሚካኤል የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ጉንጫቸው እንደ ቅል አብጧል። "ልጄ፣ ጾሜን ሳታስገድፊኝ ከነቀልሽው ንቀይው፤ አለዚያ ጥርሱም እኔም ወደ ቁንዝላ እንመለሳለን" አሏት። እሷ ጉጠቱን እንደ ያዘች ደርቃ ቀረች። እኔ በሰው ፊት መናገር እንደማልወድ ታውቃለህ። በሩ ላይ መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ ሳለ ግን አንዱ ብጣሽ ትዝ አለኝ። ከመቀነቴ ፈታሁና እጇ ላይ አደረግሁት። በራሷ ጽሕፈት "በሽተኛ ባዶ ሆዱን ማደንዘዣ ከተወጋ ራሱን ሊስት ይችላል፤ አስቀድሞ እህል ይቅመስ" ይላል።

አነበበችና ቀና አለች። ስለ ጾም አንድ ቃል አላነሣችም፤ የጊዜውን ነገር ታውቀዋለህ። "ጓድ መምህር፣ እነዚህ ሰዎች ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ባዶ ሆድ አትውጉ ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በልተው ይምጡ" አለቻቸው። ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። "የራሴን ቃል መልሰሽ ለራሴ" አሉ። "ይሁን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ካልመጣ ግን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።"

ዘጠኝ እስኪሆን ድረስ ያንኑ ወለል ሦስት ጊዜ ጠረግሁት። ሰዓቱ ሊሞላ ሲል አቶ ዓምደ ሚካኤል ሽሯቸውን በልተው ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። ያች ተቆጥታ የወጣችው ሴትም እህቷን አስከትላ መጣች። ወይዘሮ ዘይነት የምትባል ጨርቅ ነጋዴ ደግሞ ሑዳዴ የማይመለከታት ስትሆን ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጣ ነበር። "ሽማግሌው በእግራቸው ከወጡ እገባለሁ" ስትል አግዳሚው በሙሉ ሳቀ።

የሺመቤት መርፌውን ስታነሣ ዓይኔ ከእጇ አልተነቀለም። እጇ ንቅንቅ አላለም። አንድ ነገር ብቻ ተሳሳተች፤ ጉጠቱን አፋቸው ውስጥ እንደ ከተተች "ያምዎታል?" ብላ ጠየቀቻቸው። ጓድ አስናቀ "ስትለቂያቸው ይነግሩሻል" ብለው ሳቁ። ጥቂት ቆይቶ ሽማግሌው "ታዲያ መቼ ነው የምትነቅይው?" አሏት። "ነቀልሁት እኮ አባቴ" ብላ ሳህኑ ላይ አሳየቻቸው። ትክ ብለው አዩት። "ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሣኸኝ አንተ ነህ?" ብለውት በመሐረባቸው ቋጠሩት። ወይዘሮ ዘይነት እሳቸው ከበሩ ሳይወጡ ወንበሩ ላይ ነበረች።

የሺመቤት እስከ ማታ አምስት ጥርስ ነቀለች። ጓድ አስናቀ በመዝገቡ ላይ በስሟ ፊት "ብቁ" ብለው ጻፉ። በሽተኛ የሚታየው ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ነው የሚል ወረቀትም አስለጠፉ፤ የለጠፍሁት እኔ ነኝ፣ አንብቤ ነው የለጠፍሁት።

ሦስት ዓመት በቅርንፉድ ያባበልሁት የመንጋጋ ጥርስ እንዳለኝ ለማንም አልነገርሁም ነበር። ማታ የሺመቤት አፌን አስከፍታ አየችው። ነገ ተራዬ ነው። ዓመት ሙሉ የወለወልሁት ወንበር ላይ ልቀመጥ ነው። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ አንድ ጥርስ ጎድሎኝ ይሆናል፤ ደስታዬ ግን ሙሉ ነው።

እናትዓለምን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፤ ልጅሽ ለወግ በቅታለች በላት። ተክለ ጊዮርጊስን ጉንጩን ሳምልኝ፣ ጥርስ ካወጣም ጠባቂ እህት እንዳለችው ንገረው። ደብዳቤዬን ለሚያደርስልኝ ለጎረቤትህ ለሙሀመድአወልና ለቤተሰቡ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። የሺመቤት እጅ ነሥታሃለች፤ ደክሟት ስለተኛች አልቀሰቀስኋትም።

እህትህ ወለላ
ባሕር ዳር፣ መጋቢት ፳ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.