ከበረዶው ሥር የሚንኳኳው

ለወንድሜ ለፕሮኮር፣ ከእህትህ ከግላፊራ፤

እንደምን ከረምክ? ያ የሰሜን ብርድ ጉልበትህን አልበላውም? ማዕድን ጉድጓድ ስትወርድ ደረትህን ትሸፍናለህ ወይ? ሳሉስ ለቀቀህ? ሚስትህ ራይሳስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ በእግሬ ቆሜያለሁ፤ ጤና ከተባለ ይኸው ጤና ነው። ሰላም ግን የለኝም፣ የነሳኸኝም አንተ ነህ። ንግግሬ ከመረረህ ዋጠው።

አባባን በመከር ብቻዬን ቀብሬ አፈሩ ሳይደርቅ ደብዳቤህ መጣ። "ዓሣ ነው እኮ! ሳቬሊ ይውሰደውና ኩሬው ይድረቅ፣ ቤቱን ሽጠሽ ከተማ ግቢ" አልክ። አባባ በኩሬው ያረቡት ስተርጅን እንደሌላው ዓሣ የትም ጭቃ ውስጥ የሚኖር መሰለህ? እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ነኝ፣ ይህን ግን ከአባባ እጅ ተምሬዋለሁ። ውሃው ቀዝቃዛና የሚፈስ ካልሆነ ይታፈናል፤ ከወንዙ ቦይ የሳቡት ለዚህ ነው። አፉ በሆዱ በኩል ነው፤ ምግቡ ካልሰመጠ በረሃብ ይሞታል እንጂ ቀና ብሎ አይለቅምም። የውሃ ሣር ከበዛ ይጠላለፋል፤ ወደ ኋላ መመለስ አያውቅም፣ እንዳንተ። ውሃው በረዶ ሲሆን ደግሞ በመጋዝ ቀዳዳ ቆርጦ የሸምበቆ እስር ማቆም ነው፤ በሸምበቆው ሆድ አየር ይወርድለታል። በረዶ መምታት ግን ነውር ነው። ዓሣ በመላ አካሉ ይሰማል ይሉ ነበር አባባ፣ ረሳኸው?

ሳቬሊ ጎረቤታችን ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ብረት ይዞ መጣ፣ አንተ እንዳልከው ዓሦቹን ሊወስድ ቀዳዳውን ሊያሰፋ። በመጋዝ ቁረጥ ስለው፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ዓሣ ጆሮ አወጣ እንዴ? ቆብም ስፊለታ!" ብሎ ሳቀብኝ። ሦስት ጊዜ መታ። ብረቱን ሲያነሳ ከሥር ተመለሰለት፣ ሦስት ጊዜ። "እየቀለድሽብኝ ነው?" አለኝ፤ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። አንዴ መታ፤ ከእግሩ ሥር አንዴ ተመለሰለት። ፊቱ አመድ መሰለ። "አባትሽ ከሞቱም በኋላ እንግዳ አይወዱም" ብሎኝ ብረቱን ጥሎ ሄደ። እስካሁን ሊወስደው አልመጣም።

በማግስቱ ስድስቱ ትንንሾች ሆዳቸውን ገልብጠው ቀዳዳው ሥር ተገኙ። ስድስቱም ባንተ ምክር ነው የሞቱት፣ ይኼን እወቅ። የቀረችው ያች አባባ "እሜቴ" የሚሏት ትልቋ ናት፣ አንተ በተወለድክ ዓመት ያስገቧት።

እኔ በማንኳኳቱ አልደነገጥኩም። አባባ ሲያበሏቸው በእንጨት ጭልፋ የኩሬውን ዳር ሳንቃ ሦስት ጊዜ ያንኳኩ አልነበር? ጀርባዋ አጥንት ነው፤ በጀርባዋ በረዶውን እየመታች የሚያበላትን መጥራቷ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እኩለ ቀን ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች፣ እኔም ወርጄ ጥቂት ትል እጥልላታለሁ።

ያስፈራኝ የትናንቱ ነው። እኩለ ቀን አለፈ፣ ዝም አለች። ሞተች ብዬ በሆዴ ተኝቼ ጆሮዬን በረዶው ላይ አደረግሁ። ምንም። በአባባ ጭልፋ ሳንቃውን በቀስታ ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ቆይቶ ከጆሮዬ ሥር መጣ። አራት ነው። ደግሜ ሦስት አንኳኳሁ። አራት።

አራት የማን እንደሆነ ታውቃለህ። ሦስቱ ለዓሦቹ ነበር፤ አራቱ፣ አንተ ከወንዙ ማዶ ስትዋኝ ራት ደርሷል ና ሲሉህ። ከሰው ይህን የሚያውቅ እኔና አንተ ብቻ ቀርተናል። አባባ ሊሞቱ ሰሞን ጣታቸው የአልጋውን ጠርዝ ያንኳኳ ነበር፤ ውሃ የጠማቸው መስሎኝ አጠጣኋቸው። ስንት ጊዜ እንዳንኳኩ ግን አልቆጠርኩም፣ ሞኟ እኔ።

ስለዚህ ኩሬው አይደርቅም፣ ቤቱም አይሸጥም። እኔን አልጠራችኝም፣ እኔ አልመልስላትም። በረዶው በማርች መጨረሻ ይሰበራል፤ ከዚያ በፊት ና።

ራይሳን ሳምልኝ፣ የላከችው የሱፍ ሻርፕ አንገቴ ላይ ነው። ቲኮን በረዶ ላይ ሲጫወት በዱላ እንዳይመታ አክስትህ ብላለች በለው። ትንሿን ኡልያናን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። የእሜቴን ሰላምታ ከላይ ጽፌልሃለሁ።

ካሚሽኖዬ መንደር፣ የቮልጋ ወንዝ አፍ
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1996