የባላምባራሱ የዓሣ አክሲዮን

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 9 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? የሐዋሳ አየር ተስማማሽ? እንዳለችን የመሰለች አክስት በምግብ እንደማትበድልሽ አውቃለሁ፤ እሷ ሰው ሳታጠግብ እንቅልፍ አይወስዳትም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ አራተኛ ፎቅ መውጣት ሰልችቶት ያማርራል። ስደውል አታነሺም። አክስትሽ ታነሣና ተኝታለች ትለኛለች። ጠዋትም ተኝታለች፣ ከሰዓትም ተኝታለች፤ ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው እቴ! የእጮኛሽን የፍሬምናጦስንም ስልክ አታነሺም አሉ። እኔን ስትቀጪኝ ይገባኛል። እሱን መቅጣትሽ ግን እንቅልፍ ነሳኝና ልጻፍላት አልኩ።

ዕድሜዬን ሙሉ ልደታ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ፣ የባልን በደል ለሚስት፣ የሚስትን በደል ለባል ሳሳምር ኖሬ፣ የራሴ ጉዳይ ሲሆን ብዕሩ እምቢ አለኝ። ስንቱን ወረቀት ቀድጄ ጣልኩ መሰለሽ። ሁሉም «አመልካች» ብሎ ይጀምራል። ምን ላድርግ፣ እጄ የለመደው እሱን ነው።

መቼም አመሌን ታውቂዋለሽ። ሌላው ቴምብር ይሰበስባል፣ እኔ የአጭበርባሪ ወረቀት እሰበስባለሁ። ዕጣው ያልወጣ ሎተሪ፣ ያልተከፈተ ባንክ ቼክ፣ ያልነበረ ኩባንያ አክሲዮን። አብዱልሃሚድ መርካቶ አሮጌ ወረቀት ሲመዝን ደስ የሚለኝ ነገር ካገኘ ይደውልና ጋሼ፣ አንድ ሌባ መጥቶልዎታል ይለኛል፤ እኔም ሥራዬን ጥዬ እሮጣለሁ። እናትሽ ነፍሷን ይማረውና እንግዳ ሲመጣ፣ ቤታችን የሌባ ሙዚየም ነው እያለች ታስቀኝ ነበር። እኔ ግን ክፋት አይታየኝም ነበር። የሚታየኝ ማኅተሙ፣ የቁም ጽሕፈቱ፣ የቀለሙ ማማር ነው። ወረቀቱ ላይ ገንዘቡን የጨመረው ሰው እንዳለ፣ የተቀበለውም ሰው ልጅ እንደነበረው አስቤ አላውቅም።

ያን እሑድ አንቺ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ሆነሽ ሰምተሻል። እኔ ሳሎን ሆኜ ያየሁትን ደግሞ ልንገርሽ። ጋሽ ቦጂያ ለሽምግልና ሁለት ሰው አስከትለው ገቡ። ተቀመጡ ስላቸው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። አንቺን ለፍሬምናጦስ ጠየቁኝ። እኔም እንደ ወጉ አስቀመጥኳቸውና የልጁን ዘር ጠየቅሁ። ጋሽ ቦጂያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የአባቱን ስም ጠሩ፤ አያቱ ደግሞ ባላምባራስ ሀብተሥላሴ ናቸው አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።

እኔ አጨበጨብኩ! የዓሣው ባላምባራስ ብዬ ጮኽኩ። ተነሥቼ ያን በመስተዋት ፍሬም የገባ የዓሣ ማኅበር አክሲዮን ከግድግዳው አወረድኩና ጋሽ ቦጂያ ጉልበት ላይ አስቀመጥኩት። ሐይቅና ጀልባ የተሳለበት፣ ከታች በሐምራዊ ቀለም የተፈረመበት፣ አንቺም ልጅ ሆነሽ ዓሣውን በጣትሽ የምትነኪው። ከዚያማ ምላሴ ማን ይያዘው። ማኅበሩ አንዲት መረብ እንዳልነበረው፣ ባላምባራሱ ለገዢዎች ያቀመሱት ከውጭ የመጣ የቆርቆሮ ዓሣ እንደሆነ፣ ከቆርቆሮው ላይ የፈረንጁን ወረቀት በሙቅ ውኃ ልጠው የራሳቸውን እንደለጠፉበት፣ ስንቱ ቤቱን ሸጦ አክሲዮን እንደገዛ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። የልጅ ልጃቸው ሠርግ ላይ ዓሣ ይኖራል ወይ ብዬም ቀለድኩ። አፌን ምነው ያኔ በቆረጠው!

ጋሽ ቦጂያ መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ቀጥሎ ከጎናቸው የተቀመጠውን ሰውዬ ሲያዩ ፈገግታቸው ጠፋ። ያ ሰው የባላምባራሱ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ የፍሬምናጦስ አጎት። አልተቆጣም። ወረቀቱን ከጋሽ ቦጂያ ጉልበት አንሥቶ በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ ቤትዎን አየነው፣ እግዜር ይስጥልን አለና ተነሣ። ለስላሳው እንደተከፈተ ቀረ። አንቺም ወጥተሽ፣ እሱም ይህን ሁሉ ደብቆኝ ኖሯል፣ አንተም ወረቀትህን አግባ ብለሽኝ ሻንጣሽን አነሣሽ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስድብሽን አደንቅልሽ ነበር።

ባለፈው ሳምንት፣ የልደታ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ እግሬ ወደ ሰንጋ ተራ ወሰደኝ። አክሲዮኑን በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤው ነበር። የባላምባራሱ ሚስት እማማ ወለተሰንበት በሕይወት አሉ፤ ከግንባታው ቆርቆሮ አጥር ኋላ በቀረችው አሮጌ ቤት ነው የሚኖሩት። በሩን የከፈተልኝ ፍሬምናጦስ ነው። ፊቱን ያዞርብኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ሳመኝና ወንበር ሳበልኝ።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል እማማ ከለከሉኝ። ወረቀቱን አሳየኝ አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ፊርማው የቱ ጋ ነው ብለው ጠየቁኝ፣ ጣታቸውን ይዤ አስነካኋቸው። ባላቸው የታሰሩ ዕለት ቤቱ ተጠራርጎ ስለተወሰደ፣ የባላቸው እጅ የጻፈው ነገር አንድም አልቀረላቸውም ኖሯል። ሌባ ነበር፣ አልክድም፤ ግን ፊርማው ያምር ነበር አሉኝ። ጥልፍ እየጠለፉ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ማርያም ቅጥር ግቢ ውስጥ ማን እንደሆኑ ያወቀች ሴት ሁሉ ከአጠገባቸው እየተነሣች ሌላ ቦታ ትቀመጥ ነበር። ልጆቻቸው ሲዳሩ የአባት ስም ሲጠየቅ ሽማግሌው ሁሉ ያጉረመርምና ያልፈው ነበር።

አሁን የሚመጣው ነው እኔን የገደለኝ። ለአንቺ ሽማግሌ ሲላክ እማማ ጋሽ ቦጂያን ጠርተው፣ በዚህኛው ስሙን እንዳትውጡት፣ ከነማዕረጉ ጮክ ብላችሁ ጥሩት፣ የሰው ልጅ ተታላ እቤታችን እንዳትገባ ብለው ተማጸኗቸው። ገባሽ? በዚያ ቤት ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱ በግልጽ ሲነገር፣ እኔ ተቀብዬ መሳቂያ አደረግሁት።

ከዚያ እማማ ጠየቁኝ። ልጄ፣ ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ፍሬምናጦስ የማን ልጅ እንደሆነ አታውቅም ነበር ወይ አሉኝ። አላውቅም ነበር፣ እማማ፣ ድንገት ሰምቼ ነው ያመለጠኝ አልኩ። ፍሬምናጦስ የውኃ ብርጭቆ ይዞ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ብርጭቆውን ሰጠኝ።

አየሽ፣ እስካሁን የጻፍኩልሽ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን እንደ ማመልከቻ እውነት ነው፣ የሚጎዳኝን ዘልዬዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሲሉ፣ በሐሙሱ፣ ፍሬምናጦስ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር መጥቶ ከፊቴ ተቀመጠ። ማመልከቻ የሚያስጽፍ መስሎኝ ነበር። የባላምባራስ ሀብተሥላሴ የልጅ ልጅ መሆኑን ነገረኝ። ወረቀቱ እኔ ዘንድ እንዳለ ከአንቺ ሰምቶ፣ አፍሮ፣ ልነግራት ስል አፌ ይተሳሰራል አለኝ። ዛሬ ማታ ግን ልነግራት ቆርጫለሁ፣ ከእርስዎ መስማት ይሻላታል ካሉ ደግሞ እርስዎ ይንገሯት አለ። ላብ አጥምቆት ነበር። እኔ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ፣ አይዞህ ልጄ፣ ለእኔ ተወው፣ እኔ እነግራታለሁ አልኩት። አልነገርኩሽም።

አክሲዮኑም ግድግዳው ላይ አልነበረም። ወደ ኮንዶሚኒየሙ ዕቃ ካጋዝን ጀምሮ ሻንጣ ውስጥ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ቅዳሜ አንቺ ፀጉር ቤት ስትሄጂ ከጎረቤታችን ከዳዲ የመብሻ ማሽን ተውሼ፣ ከሶፋው ፊት ለፊት ግድግዳውን በስቼ ሰቀልኩት። ቤቱን ለእንግዳ ላሳምረው ነው ብዬ ነበር ለራሴ። ራሴንም እንኳ አጭበረበርኩ።

ፍሬምናጦስ አስቀድሜ ማወቄን ያውቃል። አንድ ቃል ቢተነፍስ በአንቺም በእማማም ዘንድ ነፃ ይወጣ ነበር። አንቺ ደባቂ ነህ ብለሽ ስትሄጂበት ዝም አለ፤ እኔ አያቱ ፊት ስዋሽ ዝም አለ። እስከ ታክሲው ሸኝቶኝ ምን አለኝ መሰለሽ? አባባ፣ መንገዱ ተቆፍሯል፣ እግርዎን ይጠንቀቁ። ይኸው ነው። ከአጭበርባሪ ዘር ነው የመጣው ብዬ ያዋረድኩት ልጅ!

ወረቀቱን እዚያው ለእማማ ትቼ መጣሁ። ሌሎቹንም አብዱልሃሚድ መጥቶ ይውሰዳቸው ብዬዋለሁ፤ ጋሼ ታመዋል እንዴ ብሎ ደነገጠ። ለእማማም እውነቱን ልነግር በመጪው እሑድ እሄዳለሁ። ካባረሩኝ ይገባኛል።

ለምን እንዳደረግሁት እንዳትጠይቂኝ። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ሰፋኝ ብሎ የሚያማርር ሰው በዚህ ሁሉ ብሎክ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። መኝታ ቤትሽን ጠርጌዋለሁ፣ መስኮቱንም ቀን ቀን እከፍተዋለሁ፤ እኔ ግን እዚያው ሶፋዬ ላይ ነኝ። ማታ ማታ ደረጃው ላይ የሴት ጫማ ኮቴ ስሰማ ሬዲዮኑን እቀንሳለሁ። አልፋ ወደ አምስተኛ ፎቅ ትወጣለች።

ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ መጀመሪያ ለእሱ ደውዪለት፤ ለእኔ ሲመችሽ። ልደታ ማርያም መንገድሽን ታቅናልሽ፤ የወላድ ወግ ታሳይሽ፤ የአባትሽን ጥፋት በትዳርሽ ላይ አትቁጠርብሽ። እንዳለችን ሳሚልኝ። ደግሞ ስትመጪ፣ ልጄ፣ ብቻሽን አትምጪ።

አባትሽ