ማክሰኞ ማክሰኞ የሚከፈተው ፖስታ

ካልደርሾ፣ ሰኞ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2019

ለውድ ልጄ ለሎርና፣

እንደምን ከረምሽ? ባልሽና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እዚህ ዝናቡ ከገና ወዲህ አላባራም። ኒውዚላንድ አሁን በጋ መሆኑን ሳስብ፣ ከቤተሰቡ ቢያንስ አንድ ሰው ልብሱ ደርቆለታል እያልኩ እጽናናለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አራት ፖስታ ታገኛለሽ። አንዱም አልተከፈተም። እንደምትናደጂ አውቃለሁ፤ ግን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

የድሮ ቤታችንን ያጣሁት ደብዳቤ መክፈት ስለምፈራ መሆኑን ሰምተሻል። የከተማው ምክር ቤት ጎዳና ላይ ከመውደቄ በፊት ደርሶ እዚህ ባለ ስምንት በር ሕንጻ ውስጥ አስገባኝ። ሲያስገባኝ ያስፈረመኝ ውል አንድ ነገር ይላል፦ ክፍሉ የሚሰጠው ድጋፍ ለሚቀበል ሰው ብቻ ነው፤ ድጋፉ ሲቆም ውሉም ያበቃል።

ድጋፍ ማለት ዴኒዝ ነበረች። በከተማችን ካለች አንዲት ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነበር የምትላከው። ስምንት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት መጥታ የሳምንቱን ፖስታ በቅቤ ቢላ እየሰነጠቀች ታነብልኝ ነበር። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ።

«ዙር እንጂ ሲሪል፣ ይሄኛው አይናከስም። የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነው።»

«ዓይኔ ምን ሆነና?»

«መነጽርህን ገልብጠህ አድርገኸው የለ እንዴ፣ አንተ ሰውዬ!»

እንዲህ እየሳቅን የሚከፈለው ይከፈላል፣ የሚፈረመው ይፈረማል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የዚህች አገር ነጻ ሰው ነበርኩ።

ባለፈው ጸደይ ምክር ቤቱ የድጋፉን ሥራ ለጨረታ አወጣው። በየአራት ዓመቱ የሚደረግ ነው፤ የነዴኒዝ ድርጅት ሁለቴ አሸንፏል። ደንቡ ከተረጂዎች መካከል አንድ ሰው ከዳኞቹ ጋር ተቀምጦ ነጥብ እንዲሰጥ ያዝዛል። እኔን መረጡኝ። ሎርና፣ በጣም ነው የኮራሁት። ጫማዬን ወልውዬ፣ ክራባት አስሬ ሄድኩ።

ጨረታውን የሚመራው የምክር ቤቱ ሰው ሮሪ ይባላል፤ ጨዋ ነው። ገና ሳልቀመጥ ወደ ጥግ ወስዶ፣ «ሚስተር ኦርመሮድ፣ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱን በደንብ ያውቃሉ። በሚዛናዊነትዎ እንተማመናለን» አለኝ።

ጉድ የሠራኝ ይህ ቃል ነው። ሠላሳ ዓመት የእሑድ የክሪኬት ጨዋታ የዳኘሁ፣ የገዛ ወንድሜን ከሜዳ ያስወጣሁ ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ። ለወዳጁ አደላ ከምባል ብሞት ይሻለኛል። የነዴኒዝ ድርጅት ሲቀርብ፣ ከአምስት አምስት የሚገባቸውን ሰዎች ሁለት ሰጠኋቸው።

ሌላው ተወዳዳሪ ከሩቅ የመጣ ትልቅ ኩባንያ ነበር። ወኪላቸው ቀጭን ሴት ናት፤ በስክሪን ላይ ቀስት እያሳየች አስረዳችን። «ድጋፋችን በስልክና በደብዳቤ ነው። ተረጂው ሦስት ደብዳቤ ተልኮለት መልስ ካልሰጠ፣ ራሱን ችሏል ብለን ፋይሉን በመልካም ውጤት እንዘጋለን» አለች። ዳኞቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ራስን መቻልን ማን ይጠላል? እኔም ነቀነቅሁና አራት ሰጠኋት።

የነዴኒዝ ድርጅት በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። በአንድ! ሮሪ እጄን ጨብጦ፣ «እንደ እርስዎ ያለ ሚዛናዊ ሰው አላየሁም» አለኝ። አውቶቡስ ሳልይዝ በዝናቡ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የመጨረሻዋ ማክሰኞ ሴፕቴምበር ላይ ነበረች። ዴኒዝ ገና ስታየኝ፣ «ምነው ፊትህ ጠቆረ? ሥራ ያጣሁት እኔ!» ብላ ቀለደችብኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩና፣ ሻይ ልጨምርልሽ ወይ አልኳት። ያን ቀን እንደወጣች አልተመለሰችም። አሁን ሌላ ከተማ ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የድሮ ተረጂዎቿን እንዳትጠይቅ ተከልክላለች አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገርሽ። ከእኔ በላይ ባለው ክፍል የሚኖረው ኧርነስት ፖስታ እንደኔ አይፈራም፤ ይንቃል እንጂ። ሦስተኛው ደብዳቤ የደረሰው ኖቬምበር ላይ ነው። በገና ሰሞን ከገበያ ሲመለስ ቁልፉ አልገባ አለው። ፍራሹ ደረጃው ሥር ተጣጥፎ ነበር። ቁልፉን እያገላበጠ፣ «ሲሪል፣ በሬን ምን አደረጉብኝ?» ይለኛል። ለጥቂት ሳምንት አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ሲያድር ሳንድዊች አደርስለት ነበር። አሁን እዚያም የለም፤ የጠየቅኳቸው ሁሉ አላየነውም ይላሉ። ከስምንቱ በሮች የአራቱ ቁልፍ ተቀይሯል። አዲሶቹ ስለሚያብረቀርቁ ደረጃውን ስወጣ ሳልፈልግ እቆጥራቸዋለሁ።

ባለፈው ዓርብ የክፍሌ በር ላይ የሚፋቅ ነገር ሰምቼ ስከፍት፣ አንድ ሰው የበሩን ቁልፍ በሜትር ይለካል።

«ምን ፈለግህ?»

«ምንም አይደል አባባ፣ መጠኑን ብቻ ነው።»

ሊሄድ ሲል አራተኛውን ፖስታ በእጄ ሰጠኝ። «ይሄን ዛሬውኑ አንብበው፤ ቀነ ገደቡ የፊታችን ሐሙስ ነው» አለኝ። ሦስቱ የኩባንያው ናቸው፤ ይህኛው ግን ቴምብር የለውም።

ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ኖርማን ታስታውሻታለሽ? ሁሉን ነገርኳት። ጮኸችብኝ።

«ወዲህ በለው፣ እኔ ልክፈተው! አንተ ግትር፣ ወረቀት እኮ ነው!»

«አይሆንም።»

«ለማን ልታስቀምጠው ነው?»

«ለሎርና።»

«ኒውዚላንድ ላለችው? ለይቶልሃል!»

ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ሆስፒታሉ እናትሽን በአስቸኳይ ተመልሳ እንድትመጣ የጠራበትን ደብዳቤ ከግድግዳ ሰዓቱ ጀርባ የሸጎጥኩት እኔ ነኝ። ክፉ ዜና እንደሆነ ከፖስታው አውቄ፣ ገናን በሰላም ትዋል ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላም ማውጣት አቃተኝ። ከቀብሩ ማግስት አንቺ አገኘሽው፤ ብቻሽን ከፍተሽ ብቻሽን አነበብሽው። አሥራ አንድ ዓመት ይቅርታ ያልጠየቅኩሽ ክብሬ ይዞኝ ሳይሆን አፍሬ ነው። ይቅር በይኝ፣ ልጄ። አንድም ቀን ሳልጸጸት አላደርኩም።

እነዚህን ግን አልደበቅኩሽም፤ እንደታሸጉ ልኬልሻለሁ። ዛሬ ጠዋት ፖስታ ቤት ጠይቄ፣ አሥራ ሁለት ቀን ይፈጃል አሉኝ። ሠራተኛዋ ፈጣኑ ይሻላል ወይ ስትለኝ፣ አያስቸኩልም አልኳት። አንቺም አትቸኩዪ፤ ቁጭ ብለሽ በሰላም አንብቢያቸው።

እግዚአብሔር ጤናውን ያብዛልሽ። ልጆችሽ ይደጉልሽ፣ ከባልሽ ጋር አብራችሁ አርጁ፣ የአባትሽ ጥፋት ከልብሽ ይውጣልሽ።

መልስሽን በዚህ አድራሻ አትላኪው። «በኖርማ ታትል በኩል፣ ቁጥር 9» ብለሽ ጻፊ። የት እንደምሆን ገና አላወቅሁም፤ እሷ ፈልጋ አግኝታኝ ታነብልኛለች።

የሚወድሽ አባትሽ
ሲሪል ኦርመሮድ