የእማዬ ጥለት በሐሳቤ ውስጥ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለኖሪ፣

እንዴት ከርመሻል እታለም? ጉልበትሽ አሁንም ይቆረጥምሻል? ባልሽን ሶፓቬን ሳሉ ለቀቀው? አሳማዎቹ አጥር ሰብረው ስኳር ድንቹን ፈጁት ብላችሁኝ ነበር፤ የተረፈ አለ? እኔ እዚህ ኬርንስ በጤናዬ ደኅና ነኝ። አንድ ሥጋት ነበረኝ፤ ዛሬ እሱም ቀለል ብሎኛል።

ባለፈው በአንድ ቀን ሁለቴ ደውዬ ያንኑ ወሬ ስነግራችሁ፣ ሶፓቬ ከጎንሽ ሆኖ «ኧረ ይቺ ልጅ፣ ጠዋት የበላነውን ደግማ ልታበላን ነው እንዴ!» ብሎ ሲያስቅሽ ሰምቻለሁ። አብሬያችሁ ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን አለቀስኩ። ያን ሰሞን ለልጅሽ ለሄቫሬ ሠርግ ቢሉም፣ ያንን በእጃችን የምንሠራውን የክር ቦርሳ፣ ጀምሬ ነበር። እማዬ ለእኔ ብቻ ያስተማረችኝ ጥለት መሃል ላይ ስደርስ ክሩን ወዴት እንደማዞረው ጠፋኝ። ተራ የክር ቦርሳ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ይሄንን እኔ ከረሳሁት ግን እማዬ ሁለተኛ ሞተች ማለት ነው።

ለሐኪሜ ስነግራት፣ እንደ እኔ ኤች አይ ቪ ኖሮባቸው ለብዙ ዓመት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችን አእምሮ በማሽን እያዩ ወደሚያጠኑ ሰዎች ላከችኝ። ዶክተር ፊዮና የምትባል ሳቂታ ሴት ጠባብ ቱቦ ውስጥ አስተኛችኝና ቅንጣት እንዳልነቃነቅ አስጠነቀቀችኝ። ማሽኑ ሲጮህ እታለም! ዝናብ ቆርቆሯችንን ሲደበድበው ከዚያ አንጻር ሹክሹክታ ነው። ድንጋይ የሆንኩ መስሎኝ ተኝቼ ሳለ ድምፅዋ በማዳመጫው መጣ፤ «ዴልማ፣ ምን እየሠራሽ ነው? ሥዕሉን አበላሸሽብኝ እኮ!» ለካ ጣቶቼ የሌለ ክር እያዞሩ፣ ትከሻዬም አብሮ እየተነቃነቀ ኖሯል። የእኛ አገር ሴት ቤተ ክርስቲያንም፣ አውቶቡስም፣ ለቅሶም ላይ እጇ ከክር እንደማይለይ እሷ ምን ታውቃለች?

ነገሩን ሳስረዳት ሳቀችና «እንግዲያው እጅሽን አሳርፊና በሐሳብሽ ብቻ ሥሪልኝ» አለችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ከታች ጀመርኩ። የጠፋኝ ቦታ ስደርስ ቆምኩ። ከዚያ እማዬ ጭኗ ላይ ክር ስትገምድ ታየችኝ፤ ክሩም ወደ ግራ ዞረ። አለፍኩት!

በኋላ ሥዕሉን አሳየችኝ። የገዛ አእምሮዬን አየሁ እኮ እታለም! ቢሉሙን ሳስብ የሠራው ቦታ እንደ ፍም ቀልቷል። እግዚአብሔር ብቻ የሚያየው ጓዳ ነው ስንል ኖረን፣ እኔ በሕይወቴ ቆሜ አየሁት።

ፊዮና አልደበቀችኝም። አንዳንዱ ቦታ ከዕድሜዬ በላይ ሳስቷል። መድኃኒቱ ቫይረሱን አፍኖታል፤ ጉዳቱ መድኃኒት ሳልጀምር በፊት የደረሰ ሊሆን ይችላል፤ እርግጡን እነሱም ገና እያጠኑ ነው። ቀላል የማስታወስ ችግር ነው፣ እብደት አይደለም፤ ይብስ እንደሆነም በየጊዜው ያዩኛል። ወደ ሌላ ቦታ ጠቁማ ግን «ይሄኛው ደግሞ ከሌላው ሰው በላይ ይለፋል፤ ሳያግዝሽ አይቀርም» አለችኝ። መንገዱ በናዳ ሲዘጋ በአትክልታችን ዞረን ገበያ እንወጣ አልነበር? እንደዚያ ነው የገባኝ።

ቢሉሙን ጨርሼ ወደ አገራችን ወደ ጎሮካ በምትመለሰው በፓስተሩ ሚስት ልኬዋለሁ። መሃሉ ላይ አንድ ዙር ተዛንፏል፤ የጠፋኝ ዕለት የሠራሁት ነው። ልፈታው ብዬ ተውኩት።

ሶፓቬን ሰላም በይልኝ፤ ይሄንንም ሁለቴ ጽፌ እንደሆነ ይሳቅ። ትንሹን የልጅ ልጅሽን ጉንጩን ሳሚልኝ። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ናፍቃችኋታል በያቸው። ሄቫሬን ደግሞ የተዛነፈውን እንዳታስተካክል ንገሪያት። ከእሱ በላይ ያለውን በጣቷ እየተከተለች ታጥናው፤ ጥለቱ እዚያ ላይ ተመልሷል። አንድ ቀን ደውዬ ክሩ ወዴት ነበር የሚዞረው ብዬ ስጠይቃት፣ እሷ ትነግረኛለች።

እህትሽ ዴልማ
ኬርንስ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 2019